ብልትን በጌጥ መበሳት፦ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ አደጋ



ጆሮ መበሳትን ሁላችንም ከአገራችን እናውቀዋለን። ዛሬ በኪርያት መላኺ፣ በገዴራና በያቭኔ የሚያድጉ ወጣቶች አፍንጫ፣ እምብርትና ምላስ መበሳትንም ያውቃሉ። ብልታቸውን የሚያስበሱ ሴቶችም አሉ። ጉዳዩ የሚያሳፍር ቢሆንም ዝምታ ልጅን ከአደጋ አያድንም።

የሴት ልጅ ግርዛትን ወደ እስራኤል ስንመጣ ትተነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሴት ብልት ላይ የሚደርሱ ጉዳቶችን በአራት ሲከፍል፣ ያለ ሕክምና ምክንያት መውጋትንና መበሳትን በአራተኛው ዓይነት ውስጥ ይጠቅሳል።

አደጋው ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ የሚበሳው ስሱ ቆዳ ነው። ብዙም የማይታየውና ከሁሉ የከፋው ግን ጌጡ በሽንት መውጫ ቀዳዳ በኩል የሚያልፍበት ዓይነት ነው። የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር ነው፤ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ተሕዋስያን በቀላሉ ወደ ፊኛ ይደርሳሉ። ከዚያም ወደ ኩላሊት ሊወጡ ይችላሉ።

ሌሎችም ጉዳቶች አሉ፦

• ቦታው ደም ሥርና ነርቭ የበዛበት በመሆኑ ብዙ መድማት ወይም መደንዘዝ ሊከተል ይችላል።
• ንጹሕ ባልሆነ መርፌ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲና ኤች አይ ቪ ይተላለፋሉ።
• በጥቁር ቆዳ ላይ ከፍ ብሎ የሚያድግ ጠባሳ በብዛት ይከሰታል።
• በወሊድ ጊዜ ጌጡ ሥጋ ሊቀድ ስለሚችል አዋላጇ አስቀድማ ማወቅ አለባት።

በእስራኤል ለሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የሚሰጠው ከ1992 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደች ወይም ከኢትዮጵያ በኋላ የመጣች ልጅ መከተቧን በኩፓት ሆሊም አረጋግጡ።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለባት መቼ ነው?

ትኩሳት፣ መግል፣ እብጠት፣ የማይቆም ደም ወይም ሽንት ሲወጣ ማቃጠል ካለ አትዘግይ። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል፣ የቦታውን መጋልና የሕመሙን መጨመር ተመልከቱ። ጌጡን ራሷ አታውጣው፤ ቀዳዳው ከተዘጋ መግሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ደሙ ካልቆመ ወይም ራሷን ከሳተች በ101 ወደ ማገን ዳዊድ አዶም ደውሉ።

እንዴት እናናግራት?

ቁጣ ልጅን ያስደብቃታል፤ የደበቀችው ቁስል ደግሞ ይብሳል። እናት ወይም አክስት ለብቻዋ ታናግራት። «ያመመሽ ነገር አለ?» ብሎ መጀመር «ምን አደረግሽ?» ከማለት ይሻላል። ብዙ ልጆች የሚፈሩት ወሬው ወደ ሰፈር እንዳይወጣ ነው። በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ግን ሐኪሙንም ሌላውንም የጤና ሠራተኛ ምስጢር እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ይህን ንገሯት። አስተርጓሚ ካስፈለገም ዘመድ ሳይሆን ሌላ ሰው ይሁን።