ዓባይን ወደ ሐረር፦ ተረትና እውነታ

ድርቅ በመጣ ቁጥር «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንላለን። አስከትለንም የምዕራቡን ወንዝ ጠልፎ ምሥራቁን የማጠጣት ሐሳብ እናነሣለን። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመነጨ ነው። የተጠማ ሰው ግን ባልተመዘነ ተስፋ ዓመት ከዓመት መጠበቅ የለበትም።

ተረት 1፦ ኢትዮጵያ የውኃ ማማ ስለሆነች እጥረት ሊኖር አይገባም።

እውነታ፦ በወንዞቻችን በዓመት 120 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይፈስሳል። አብዛኛው ያለው ግን በዓባይ፣ በተከዜ፣ በባሮ አኮቦና በኦሞ ጊቤ ተፋሰሶች ነው። እሱም ቢሆን በብዛት የሚወርደው በክረምት ነው፤ በነሐሴ ድልድይ የሚያስፈራ ወንዝ በመጋቢት በእግር ይሻገሩታል። እጥረቱ የቦታም የወቅትም ነው።

ተረት 2፦ የሕዳሴው ግድብ ስለሞላ ውኃውን በቧንቧ ወደ ምሥራቅ መላክ ይቻላል።

እውነታ፦ ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ሲሞላ የውኃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ላይ ነው። ሐረር ያለችው ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ሲሆን በመካከል ያለው ደጋ ከዚያም ይበልጣል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 መሆኑ ነው። ይህን 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት፣ ፓምፑ የሚያባክነው ሳይቆጠር፣ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። አንድ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲሆን ሂሳቡ 2.7 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። ከሕዳሴው ወደ ምሥራቅ በቀላሉ የሚሻገረው ኃይሉ ነው፤ በመስመር ደርሶ እዚያው ያለውን ጉድጓድ ፓምፕ ያሽከረክራል።

ተረት 3፦ ውኃን ከተፋሰስ ወደ ተፋሰስ መውሰድ ከንቱ ሕልም ነው።

እውነታ፦ ቁልቁለት ሲያግዝ ይሠራል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ወደ በለስ ወርዶ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ቻይናም እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ከደቡብ ወደ ቤጂንግ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ቦይ ውኃ ትወስዳለች። ያም ዋና መሥመር ቁልቁል የሚሄድ ነው። ነገር ግን ውኃው የሚነሣበት የዳንጂያንግኮው ግድብ ከፍ ሲደረግ ከ300,000 በላይ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል።

ተረት 4፦ ከትልቅ ወንዝ ቢቀነስ የሚጎዳ የለም።

እውነታ፦ በመካከለኛው እስያ አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ ለጥጥ እርሻ ተጠለፉ፤ የሚመግቡት የአራል ባሕር አብዛኛው ደረቀ። የዓሣ ወደብ የነበረችው ሙይናቅ ዛሬ በረሃ መካከል ናት።

ተረት 5፦ ከሩቅ ውኃ ከመጣ ችግሩ አበቃ።

እውነታ፦ ይህን የሐረማያ ሐይቅ ታሪክ ይመልሳል። ሐረር ከሐይቁ ትጠጣ ነበር። ዙሪያውን ያሉ ገበሬዎች ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ይስቡ ነበር፤ ከተራቆተው ኮረብታ የሚታጠበው አፈርም ይሞላው ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሐይቁ ደረቀ። ከተማዋም በድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ተራራውን በፓምፕ እየወጣ የሚመጣ ውኃ መጠበቅ ግድ ሆነባት። በፓምፕ የሚመጣ ውኃ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በቅርብ ዓመታት ዝናቡም የተፋሰስ ሥራውም አግዘው ሐረማያ እንደገና ውኃ መያዝ ጀምሯል። በእርከንና በችግኝ የተመለሰ ውኃ ዕለት በዕለት ኤሌክትሪክ አይጠይቅም።

ስለዚህ አዲስ ዕቅድ ሲነገረን አራት ነገር እንጠይቅ፦ ውኃው ስንት ሜትር ሽቅብ ይወጣል? የኤሌክትሪኩን ወጪ ማን ይችላል? የምንጩ ባለቤት ምን ያጣል? እዚያው ያለውን የጎርፍ ውኃ በቢርካ፣ ማለትም በማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ ለማቆር፣ ጉድጓዱን ለመጠገን፣ የሚያፈሰውን ቧንቧ ለመድፈን ምን ተሠራ? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ሌላው ቢመለስም ቧንቧ መዘርጋቱ ችኮላ ነው። ከሩቅ የሚመጣው ውኃ የሚያዛልቀው የቅርቡን መያዝ ለሚያውቅ ሕዝብ ነው።