ከማቲው በኋላ፦ የሄይቲ የገጀራ ጌቶች

[ድምፅ፦ ብረት ከብረት ሲጋጭ። ከርቀት ዶሮ ይጮኻል። ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።]

ተራኪ፦
የሰማችሁት የሁለት ገጀራዎች ግጭት ነው። ሁለቱም ስለት አላቸው፤ አንዱን መምህር ይዞታል፣ ሌላውን ተማሪ። ቦታው ሄይቲ ነው፤ ከዣክሜል የወደብ ከተማ በላይ፣ ኮረብታ ላይ ያለ የገበሬ ግቢ። ጥበቡን የአገሩ ሰው ቲሬ ማሼት ይለዋል። እንደ ጎራዴ ግጥሚያ ያለ ነው፤ መምታት አለ፣ መመከት አለ፣ በእግር አሳስቶ መግባት አለ። መሣሪያው ግን ጠዋት እርሻ ላይ የዋለው ገጀራ ነው።

ማርሻል አርት ሲባል ለብዙዎቻችን ነጭ ልብስና ቀበቶ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የመሥራቹ ፎቶ፣ በወር የሚከፈል ክፍያ ነው የሚታየን። የዣክሜል ገበሬዎች ምዝገባም ምስክር ወረቀትም አያውቁም። ጥበቡ ለረጅም ዘመን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጌታ ወደሚያምነው ሰው ሲተላለፍ ኖሯል። የሚችል ሰው እችላለሁ ብሎ አያወራም። እንዲህ ያለውን ማኅበረሰብ አውሎ ነፋስ ሲመታው፣ ደኅና ናችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ራሱ ከባድ ነው፤ የማንን በር ያንኳኳሉ?

[ድምፅ፦ ነፋስ። ቆርቆሮ ሲንቀጠቀጥ።]

መስከረም 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ማለዳ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2016 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ሄሪኬን ማቲው የሄይቲን ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ሌ ዛንግሌ ከተባለች ከተማ አጠገብ መታው። ነፋሱ በሰዓት ከ230 ኪሎ ሜትር በላይ ይምዘገዘግ ነበር። አገሪቱን ምድብ አራት የደረሰ ሄሪኬን ሲመታት ከ1964 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እኛ በዚያ ሰሞን ከቢሾፍቱው የኢሬቻ አደጋ ሁለተኛ ቀናችን ነበር፤ ሐዘን ተቀምጠን ስለ ነበር ማቲውን ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው።

የደረሰውን ባጭሩ እንንገራችሁ። ዤሬሚ የተባለችው ከተማ አብዛኛው ጣሪያዋ ተገፎ ከአየር ላይ ሲያዩዋት ከተማ መሆኗ ቀርቶ የግድግዳ ስብስብ መሰለች። ከዋና ከተማዋ ከፖርቶፕረንስ ወደ ደቡብ የሚወስደው ብቸኛ ዋና መንገድ ፕቲ ጎአቭ ላይ ድልድዩ በላ ዲግ ወንዝ ተወስዶ ተቆረጠ። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 546 አለ፤ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ ቆጠራዎች ወደ አንድ ሺህ ያስጠጉታል። 1.4 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ያስፈልገዋል ተባለ። ለቀጣዩ እሑድ ቀጠሮ ተይዞለት የነበረው የፕሬዚዳንት ምርጫ ተላለፈ። ኮሌራም እንደገና አገረሸ። ኮሌራውን በ2010 ወደ አገሪቱ ያስገቡት የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ናቸው፤ ድርጅቱ ለሄይቲ ሕዝብ ይቅርታ የጠየቀው ግን ከማቲው ሁለት ወር በኋላ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ለዚህ ፕሮግራም የተሰጠን ጥያቄ ግን ጠባብ ነበር። የገጀራ ጌቶቹስ?

ካርታው የመጀመሪያውን መልስ ይሰጣል። የሄይቲ ደቡብ ወደ ምዕራብ እንደ ተዘረጋ ክንድ ነው። ማቲው የመታው ጣቶቹን ነው፤ ዣክሜል ያለችው ትከሻው ጋ። ዣክሜል ላይ ዝናብና ጎርፍ ወረደ፣ ሙዝና ሰብል ወደቀ፤ እንደ ዤሬሚ ግን አልተጠራረገችም። ወደ ዣክሜል የሚታጠፈው የተራራ መንገድም ከተሰበረው ድልድይ በፊት ስለሆነ አልተዘጋም። ስለ ዣክሜል ገጀራ ተጫዋቾች የምናውቀው ከሌላው አካባቢ ይልቅ የሚበልጠው ደግሞ በአንድ ሽማግሌ ምክንያት ነው።

[ድምፅ፦ ከፊልሙ፤ የገጀራ ምት፣ ያረጀ የወንድ ድምፅ በክሪዮል።]

አልፍሬድ አቭሪል ይባላሉ። ሰዉ ፕሮፌሰር ይላቸው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ አልሰጣቸውም፣ ተማሪዎቻቸው ናቸው የሰጧቸው። ገበሬ ነበሩ። በ2014 ጆናታን ዴቪድ ኬን የተባለ የማያሚ ፊልም ሠሪ «ፓፓ ማሼት» የሚል አጭር ዘጋቢ ፊልም ስለ እሳቸው ሠራ። ፊልሙ ቶሮንቶ ታየ፣ በማግሥቱ ዓመት ሰንዳንስ ታየ። ሽማግሌው ከልጆቻቸው ጋር ሲጋጠሙ እግራቸውን ልብ በሉ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ራዲዮ ሆነና አይታያችሁም። ምድር ላይ የሚጽፉ ይመስላሉ።

አቭሪል ከሌሎቹ ጌቶች የሚለዩት ምስጢሩን ለውጭ ሰው በመክፈታቸው ነው። ከባሕር ማዶ የመጡ የጎራዴ ስፖርት ወዳጆች ግቢያቸው ድረስ ሄደው በዱላም በገጀራም ተምረዋል። ካሜራ እንዲገባም ፈቅደዋል። ፊልሙ በወጣ ሰሞን አረፉ፤ ማቲውን አላዩትም። ስለዚህ ከነፋሱ በኋላ «ፕሮፌሰሩ ደኅና ናቸው?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ዓመት የዘገየ ነበር። መጠየቅ ያለባቸው ልጆቻቸውና ስማቸውን ማንም ያልቀረጸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

[ሙዚቃ፦ ከበሮ። ይቆያል፣ ዝቅ ይላል።]

ቲሬ ማሼት የፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች የጎራዴ ትምህርትና ባሪያ ሆነው ከአፍሪካ የተጋዙት ሰዎች የዱላ ጨዋታ ተቀላቅለው የወለዱት ነው ይባላል። በስኳር እርሻው ላይ ለባሪያ የሚሰጠው መሣሪያ ገጀራ ነበር። በነሐሴ 1791 እ.ኤ.አ. በሰሜኑ ሜዳ አመፅ ሲነሣ ሸንኮራውን የቆረጠው ገጀራ ሌላ ሥራ አገኘ። ከአሥራ ሁለት ዓመት ጦርነት በኋላ፣ በኖቬምበር 1803 ቬርቲየር ላይ የናፖሊዮን ጦር ተሸነፈ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ሄይቲ ነፃነቷን አወጀች። በቮዱ እምነት የብረትና የጦርነት መንፈስ የሆነው ኦጉ እስከ ዛሬ ምልክቱ ገጀራ ነው።

አሁን ትንሽ ከመንገድ እንውጣ። የፕሮግራሙ አዘጋጅ ይህን ክፍል አሳጥሩት ብሎ ነበር፤ እኔ ግን ዤሬሚን ጠርቼ ይህን ሰው ሳልጠራ ማለፍ አልችልም።

ማቲው ያፈረሳት ዤሬሚ በ1762 አንድ ልጅ ወልዳለች። አባቱ ከዕዳና ከቤተሰቡ ሸሽቶ እዚያ የተደበቀ ፈረንሳዊ ባላባት ነው። እናቱ ማሪ ሴሴት የምትባል ባሪያ ናት። ልጁ አሥራ አራት ዓመት ሲጠጋው አባት ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ ርስቱን መውረስ ፈለገ፤ ለመርከብ የሚከፍለው ግን አልነበረውም። ምን አደረገ? ልጁን ፖርቶፕረንስ ላይ ሸጠው። መልሶ የመግዛት መብት ያለው ሽያጭ ነው፤ ልክ ዕቃ መያዣ እንደ ማስያዝ። ፈረንሳይ ደርሶ ሀብቱ እጁ ሲገባ ገንዘብ ልኮ አስለቀቀው። በ1776 ልጁ የፈረንሳይን ምድር ረገጠ።

አባቱ ፓሪስ ላይ ስሙ የገነነ የጎራዴ ትምህርት ቤት፣ ላ ቦኤሲየር ዘንድ አስገባው። ረጅም፣ ጠንካራ፣ እጁ ፈጣን ነበር። በኋላ ከአባቱ ጋር ተጣላና ተራ ወታደር ሆኖ ሲቀጠር የባላባቱን ስም ጥሎ የእናቱን ስም ያዘ፤ ዱማ። ቶማ አሌክሳንድር ዱማ። አብዮቱ መጣ፣ በ1793 ጄኔራል ሆነ። በ1797 በአልፕስ ተራሮች ክላውዘን በተባለ ቦታ ጠባብ ድልድይ ላይ ብቻውን ቆሞ የኦስትሪያን ፈረሰኞች በጎራዴ መለሰ። ኦስትሪያውያኑ ጥቁሩ ሰይጣን አሉት። ከዚያ ግብፅ፣ ከዚያ ከናፖሊዮን ጋር ጠብ፣ ከዚያ ሲመለስ መርከቡ ጣሊያን ታራንቶ ወደብ ገብታ ሁለት ዓመት ገደማ እስር። ከወህኒ ሲወጣ ጤናው ተሟጦ ነበር፤ ናፖሊዮን ጡረታውን ከለከለው፤ በ1806 ሞተ። አራት ዓመት ያልሞላው ልጁ አድጎ አባቱን በልቦለድ ውስጥ አበዛው። «ሦስቱ ሙስኬተሮች»ን የጻፈው አሌክሳንድር ዱማ እሱ ነው።

ስለ ጎራዴ የዓለምን ልብ የያዘው ልቦለድ ሥሩ አብዛኛው ጣሪያዋ የተገፈፈ የሄይቲ ከተማ ድረስ ይሄዳል። ጄኔራሉ ፓሪስ ላይ በገንዘብ የተማረውን ጎራዴ፣ ኮረብታው ላይ የቀሩት የእናቱ ወገኖች በገጀራ ተማሩት። የእሱን ስም መጻሕፍት ይዘውታል፤ የእነሱን ማንም አልጻፈም።

ከእኛ ጋርም የሚያገናኝ ክር አለ። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1897 እ.ኤ.አ. ቤኒቶ ሲልቫን የተባለ የሄይቲ ሰው አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፊት ቀርቧል። በ1935 ደግሞ ጣሊያን ሊወረን ሲነሣ የሄይቲው ተወካይ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር በመንግሥታቱ ማኅበር ቆሞ፣ ትልቅም ሆነ ትንሽ አገር አንድ ቀን የሌላው ኢትዮጵያ ሊሆን እንደሚችል እንዳይረሳ አስጠነቀቀ። ይህን ውለታ የምናውቅ ሰዎች የሄይቲን ዜና የምንሰማው መሬት ሲንቀጠቀጥና ነፋስ ሲነሣ ብቻ መሆኑ ያሳፍራል።

[ድምፅ፦ ገጀራ እንጨት ሲቆርጥ፤ ደጋግሞ።]

ወደ ነፋሱ እንመለስ። ከማቲው ማግሥት ገጀራ የሌለው ሰው መንገድ አላገኘም። የወደቀውን ዛፍ የሚቆርጠው፣ ፍርስራሹን የሚያነሣው፣ ለጊዜያዊ ጎጆ አጥር የሚጠርበው ገጀራው ነው። በዚህ በኩል ስናየው ነፋሱ ከጥበቡ ምንም አልወሰደም። የሚፈርስ አዳራሽ አልነበረም፣ የሚርስ መዝገብ አልነበረም፤ ገጀራውም በየቤቱ አለ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የገጀራ ጌታ ገበሬ ነው። ነፋሱ በግራንዳንስ ክፍለ ሀገር ሰብሉን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ አጠፋው። ሙዙ ወደቀ፣ የዳቦ ፍሬ ዛፉና ኮኮናቱ ተነቀለ፣ ፍየሉና ዶሮው በጎርፍ ሄደ። በቆሎና ባቄላ በአንድ ክረምት ይመለሳል፤ የፍሬ ዛፍ ዓመታት ይጠብቃል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በእነዚያ ሳምንታት የጮኸው ለዘር ነበር፤ የሚቀጥለው የመዝሪያ ወቅት ሳያልፍ ዘር እንዲደርስ። ዘር ያላገኘ ወጣት ምን ያደርጋል? ዛፉን ከሰል አድርጎ ይሸጣል፣ ወይም ይሄዳል። በዚያና በሚቀጥለው ዓመት ብዙ የሄይቲ ወጣቶች ወደ ቺሊ ጎረፉ፤ ያኔ ያለ ቪዛ ይገባ ነበር። ሳንቲያጎ ላይ ኮንክሪት የሚሸከም ልጅ አባቱ ዘንድ ማታ ማታ ገጀራ አይለማመድም። ሐረግ የሚበጠሰው እንዲህ ነው፤ ነፋሱ በመታ ቀን ሳይሆን ከዓመት በኋላ፣ አንድ ተማሪ ሲጎድል።

አጫጭር የውጭ ዘገባዎች ይህን አይነግሩንም። ስለቱ ያምራል፤ ካሜራው ስለቱን ይከተላል። እኛም ዛሬ ፕሮግራሙን የከፈትነው በስለቱ ድምፅ መሆኑን አልደብቃችሁም።

[ሙዚቃ፦ ይቋረጣል።]

ይህ ጽሑፍ የታዘዘው ለማቲው ነበር፤ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይገባው ነበር። ግን አላለቀም። ኦገስት 14 ቀን 2021 ያው የደቡብ ክንድ በ7.2 የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ፤ ከ2,200 በላይ ሰው ሞተ፤ ሰዉ ገና በሸራ ሥር ሳለ ግሬስ የተባለው ማዕበል ዝናብ አወረደበት። ቀድሞ በዚያው ዓመት ከፖርቶፕረንስ ወደ ደቡብ የሚያወጣው የማርቲሳን ሰፈር በታጠቁ ቡድኖች እጅ ገብቶ ነበር። ማቲው ያልዘጋውን የዣክሜል መንገድ ሽጉጥ የያዙ ልጆች ዘጉት። በኖቬምበር 2024 አውሮፕላኖች ፖርቶፕረንስ ላይ በጥይት ከተመቱ በኋላ የአሜሪካ አየር መንገዶች ወደ ዋና ከተማዋ እንዳይበሩ ተከለከሉ። አቭሪል በራቸውን የከፈቱላቸው ዓይነት የውጭ ተማሪዎች በቀላሉ የሚመጡበት ዘመን አለፈ።

በኦክቶበር 2025 መጨረሻ ደግሞ ሄሪኬን ሜሊሳ መጣ። ጃማይካን ደመሰሰ ተብሎ ዓለም ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ሄይቲን በቀጥታ አልመታትም፤ በዝናብ ብቻ ነው የነካት። ዝናቡ ግን ፕቲ ጎአቭ ላይ ያንኑ የላ ዲግ ወንዝ ሞላው፤ ማቲው ድልድዩን የወሰደበት ወንዝ። በሌሊት ከዳር ወጥቶ ቤቶችን ጠረገ፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ሕፃናትም ጭምር።

ስለዚህ የተሰጠንን ጥያቄ ለወጥነው። የገጀራ ጌቶቹ ከአንድ ነፋስ ተረፉ ወይ የሚለው የውጭ ሰው ጥያቄ ነው፤ እዚያ ላለው ሰው ነፋሱ አንድ ሆኖ አያውቅም። ዛሬ ስለ ዣክሜል ኮረብቶች የሚጠይቁት በማያሚ፣ በሞንትሪያልና በብሩክሊን ያሉ ዘመዶች ናቸው። መንገዱ ተከፍቷል ወይ፣ የላክነው ብር ደርሷል ወይ፣ ልጁ አሁንም እርሻው ላይ ነው ወይ ይላሉ። የመጨረሻው ጥያቄ አዎ የሚል መልስ ካገኘ፣ የቲሬ ማሼት ነገርም አብሮ ተመልሷል።

[ሙዚቃ፦ ከበሮ ይመለሳል፤ የአዘጋጆች ስም ይነበባል።]