አንድ ጽዋ፣ ብዙ ግድግዳ፦ የክርስቲያናዊ አንድነት ጥሪ ዳሰሳ

በኢየሩሳሌም የተሰበሰበችው የመጀመሪያዋ የክርስቲያኖች ማኅበር በውስጧ የተነሣባት የመጀመሪያ የወገን ቅሬታ ስለ ምግብ እደላ ነበር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደሚተርከው፣ ግሪክኛ የሚናገሩት አይሁድ ክርስቲያኖች መበለቶቻቸው ከዕለት እደላው እየተዘለሉ መሆኑን አይተው በዕብራውያኑ ላይ አጉረመረሙ። ሐዋርያት ስለ ትዕግሥት ስብከት አልጀመሩም፤ ሰባት ሰዎች ይመረጡ አሉ። እስጢፋኖስን፣ ፊልጶስን፣ ኒቆላዎስን ጨምሮ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ማለትም እደላው ቅሬታ ያቀረበው ወገን ለሚያምናቸው ሰዎች ተሰጠ።

ብዙም ሳይቆይ በአንጾኪያ ሌላ ነገር መጣ። ጴጥሮስ ካልተገረዙት አሕዛብ ጋር እየበላ ሳለ ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡበት ከማዕዱ ገለል አለ፤ ጳውሎስም በሁሉ ፊት ገሠጸው። ጳውሎስ ይህን የግል ጠባይ ድካም አድርጎ አላለፈውም፤ የወንጌልን እውነት የሚነካ ጉዳይ ነው አለ። በገላትያ መልእክቱ በክርስቶስ ዘንድ አይሁዳዊና ግሪካዊ፣ ባሪያና ጨዋ፣ ወንድና ሴት አንድ መሆናቸውን የጻፈው ይህንኑ ጠብ ከተረከ በኋላ ነው።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ያስቀደምሁት ከዚህ በታች የምዳስሰው መስክ በሁለት የተለያዩ ግድግዳዎች መካከል ስለሚገኝ ነው። አንደኛው ግድግዳ የትምህርተ ሃይማኖት ነው። ሁለተኛው የደም፣ የቋንቋ፣ የቆዳ ቀለምና የይዞታ ነው። ያለፉት መቶ ዓመታት በመጀመሪያው ግድግዳ ላይ የሚያስደንቅ ሥራ ሠርተዋል። ሁለተኛው ግን ሃይማኖታቸው ፍጹም አንድ በሆኑ ሰዎች መካከል ጭምር ቆሞ ይታያል፤ በእኔ እምነትም ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የምትፈተነው በዚህኛው ነው።

ከዚህ በኋላ የውጭውን ታሪክ በእ.ኤ.አ.፣ የአገር ቤቱን በዓ.ም. እቆጥራለሁ። ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ የእስክንድርያ፣ የሶርያና የአርመን አብያተ ክርስቲያናት ከሮምና ከቁስጥንጥንያ ተለዩ፤ ኢትዮጵያም ከእስክንድርያ ጋር ቆመች። በ1054 ሮምና ቁስጥንጥንያ ተወጋገዙ። ከ1517 ወዲህ ደግሞ የምዕራቡ ዓለም በተሐድሶው ተከፋፈለ። ይህ ሁሉ የሚታወቅ ነው።

የዘመናዊው የአንድነት እንቅስቃሴ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው በ1910 በኤድንብራ የተደረገው የሚስዮናውያን ጉባኤ ነው። አስጨናቂው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ በእስያና በአፍሪካ ወንጌልን የተቀበለ ሰው የአውሮፓን ጠብ አብሮ መውረስ ለምን ይገደዳል? ከሁለት የዓለም ጦርነቶች በኋላ፣ በ1948፣ 147 አብያተ ክርስቲያናት በአምስተርዳም ተሰብስበው የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትን መሠረቱ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመሥራቾቹ አንዷ ናት፤ በ2006ም ፓትርያርኳ አቡነ ጳውሎስ ከምክር ቤቱ ፕሬዚዳንቶች አንዱ ሆነው ተመርጠዋል። የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምክር ቤቱ አባል ባትሆንም፣ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ወዲህ በሯን ከፍታለች። በታኅሣሥ 1965 የሮሙ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛና የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ አቴናጎራስ የ1054ቱን ውግዘት አነሡ። በ1982 በሊማ ስለ ጥምቀት፣ ስለ ቅዱስ ቁርባንና ስለ ክህነት የጋራ ሰነድ ወጣ። በ1999 ደግሞ ሉተራውያንና ካቶሊኮች ለአራት መቶ ዓመታት ከበላይ ስላከራከራቸው ጉዳይ፣ ስለ ጽድቅ፣ በአውግስቡርግ የጋራ ስምምነት ፈረሙ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የ451ዱ ቁስል ነው። በ1964 በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ የሁለቱ ወገን ሊቃውንት፣ ማለትም የምሥራቅ ኦርቶዶክሶችና የኦሪየንታል ኦርቶዶክሶች፣ ይፋዊ ያልሆነ ምክክር ጀመሩ። ከዋነኞቹ አዘጋጆች አንዱ ሕንዳዊው ካህን ፖል ቨርጊስ ነበሩ። እኚህ ሰው ቀደም ሲል በኢትዮጵያ መምህር የነበሩ፣ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያገለገሉና አማርኛ የሚናገሩ ናቸው። ሊቃውንቱ ለሁለቱም ወገን አባት የሆነውን የእስክንድርያውን ቅዱስ ቄርሎስን መሠረት አድርገው ሲነጋገሩ፣ ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው የሆነውን አንዱን ክርስቶስ ሁለቱም እንደሚያምኑ አረጋገጡ። ለአሥራ አምስት መቶ ዓመታት አንዱ ሌላውን መናፍቅ ሲል የኖረበት ነገር በጥቂት ቀናት ውይይት ተፈታ ማለት ግን አይደለም፤ ምክክሩ በብሪስቶል፣ በጄኔቫና በአዲስ አበባ ቀጥሏል።

በጥር 1957 ዓ.ም. ደግሞ የኮፕት፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ጥሪ አዲስ አበባ ላይ ተገናኙ። እምነታቸው አንድ ሆኖ ሳለ ርቀትና ባዕዳን ገዢዎች ለያይተዋቸው ለዘመናት በአንድ ጉባኤ አልተቀመጡም ነበር። አዲስ አበባ የዚያ ስብሰባ ቤት ለመሆኗ ታሪካችን ከሚሰጠው ቦታ በላይ ልንሰጥ ይገባል።

ከምሥራቅ ኦርቶዶክሶች ጋር የተደረገው ይፋዊ ውይይት በ1989 በግብፅ በአንባ ቢሾይ ገዳም፣ በ1990 ደግሞ በስዊዘርላንድ ሻምቤዚ ሁለት የጋራ መግለጫዎች አወጣ፤ ውግዘቶቹም ይነሡ ዘንድ ሐሳብ አቀረበ። ምክረ ሐሳቡ ግን በሙሉ አልተፈጸመም። የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቃወሙት ዲዮስቆሮስና ሳዊሮስ በአንዱ ወገን ቅዱሳን፣ በሌላው የተወገዙ ናቸው፤ ጉባኤውን የደገፈው የሮም ጳጳስ ልዮንም እንዲሁ በተቃራኒው። በቅዳሴና በስንክሳር የገባውን ስም ኮሚቴ ሊያወጣው አይችልም። ገዳማቱና ምዕመናኑ ያልተሳተፉበት ስምምነት ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፤ ስምምነቱን የሚቃወሙትን መነኮሳት በግትርነት ብቻ መክሰስም ፍትሐዊ አይመስለኝም።

እምነት አንድ በሆነበት ስፍራ ምን ይሆናል? ዴር ሡልጣንን እንመልከት። በኢየሩሳሌም በጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያሉት የኢትዮጵያ መነኮሳትና ይዞታው የእኛ ነው የሚሉት ኮፕቶች ከኬልቄዶን ጀምሮ በአንድ ሃይማኖት የኖሩ ናቸው። ኢትዮጵያ ጳጳሷን ለአሥራ ስድስት መቶ ዓመታት ያህል ስታገኝ የኖረችው ከእስክንድርያ ነው። ሆኖም በ1970 የፋሲካ ሌሊት ግብፃውያኑ በጸሎት ላይ ሳሉ የመተላለፊያው በሮች ቁልፍ ተለወጠ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተቋጨም። በዚህ ጠብ ውስጥ አንዲት የዶግማ ነጥብ የለችም።

የቆዳ ቀለምን ጉዳይ አሜሪካ በግልጽ ታሳያለች። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፊላደልፊያ ጥቁር ሜቶዲስቶች ተንበርክከው ሲጸልዩ ከስፍራቸው እንዲነሡ ተደረገ፤ ሪቻርድ አለንና ጓደኞቹ ወጥተው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ተከሉ። በኒው ዮርክም በ1808 ተመሳሳይ የመቀመጫ አድልዎ የገፋቸው ምዕመናን አቢሲኒያን ባፕቲስት የተባለውን ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ ከመሥራቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያን የባሕር ነጋዴዎች እንደነበሩ ይተርካል። በ1906 በሎስ አንጀለስ አዙዛ ጎዳና፣ ባሪያ ከነበሩ ወላጆች የተወለደው ዊልያም ሲሞር በመራው ጉባኤ ጥቁርና ነጭ አብረው ተንበረከኩ። ከዚያ የተነሣው የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ ብዙም ሳይቆይ በቀለም ተከፈለ። በ1994 በሜምፊስ የነጮቹ ኅብረት ራሱን አፍርሶ ከጥቁሮቹ ጋር አዲስ ማኅበር ሲመሠርት፣ አንድ ነጭ ፓስተር የአንድን ጥቁር ጳጳስ እግር አጠበ። አብሮ በተጀመረና አብሮ ለመሆን በተሞከረ መካከል ሰማንያ ስምንት ዓመት አለፈ።

ከሁሉ በላይ ልናጠናው የሚገባን ግን ደቡብ አፍሪካን ይመስለኛል። በ1829 የኬፕ የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ነጭም ጥቁርም ከአንድ የጌታ ማዕድ እንዲቀርብ ወስኖ ነበር። በ1857 ግን ያው ሲኖዶስ፣ አብሮ መቍረብ የቅዱሳት መጻሕፍት ትምህርት መሆኑን ሳይክድ፣ ስለ አንዳንዶች ድካም ሲባል የተለየ ጉባኤ እንዲፈቀድ አደረገ። ቃሉን ተቀብሎ ልማዱን መፍቀድ እንዴት ያለ አደገኛ መንገድ እንደሆነ ከዚህ ይታያል። በ1881 ለክልሶች የተለየ ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመ፤ በ1948 ሥልጣን የያዘው የአፓርታይድ መንግሥት ሲመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ትውልድ በላይ በመለያየት ኖራ ነበር። በየርስ ናውዴ የተባሉት የአፍሪካነር ቄስ መለያየቱን ተቃውመው በ1963 ሹመታቸውን ጥለው ወጡ፤ በኋላም መንግሥት በ1977 የመናገርና የመሰብሰብ መብታቸውን ገፈፈ።

መላውን ክርክር የለወጠው በ1982 የሆነው ነው። የዓለም ተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት በካናዳ ኦታዋ ተሰብስቦ የአፓርታይድን ሥነ መለኮታዊ ማጽደቂያ ኑፋቄ ብሎ ፈረጀ። በዚያው ዓመት የክልሶቹ ቤተ ክርስቲያን የቤልሃርን የእምነት መግለጫ አረቀቀች፤ በ1986ም አጸደቀችው። መግለጫው አንድነትን፣ ዕርቅንና ፍትሕን የእምነት አንቀጽ ያደርጋል፤ ሰውን በዘሩ የሚለይ ትምህርት ወንጌልን ይክዳል ይላል። ጳውሎስ በአንጾኪያ የያዘው አቋም ይኸው ነው። እስከ 1982 ድረስ መለያየት የማኅበራዊ ኑሮ ጉዳይ፣ የአስተዳደር ጉዳይ፣ የፖለቲካ ጉዳይ እየተባለ ከመቅደሱ ደጃፍ ውጭ ይቀመጥ ነበር። በ1994 የክልሶቹና የጥቁሮቹ አብያተ ክርስቲያናት ሲዋሐዱ፣ ነጮቹ የበዙበት ክፍል ውሕደቱን አልተቀላቀለም፤ ቤልሃርንም ከእምነት ሰነዶቹ ጋር ለመጨመር ያደረገው ሙከራ አልተሳካም።

የአንድነቱ ትምህርት ያልጠለቀባት አገር ምን ሊደርስባት እንደሚችል ሩዋንዳ በ1994ቱ የዘር ፍጅት አሳየች። ሕዝቧ በብዛት ክርስቲያን ነበር። በንታራማና በኛማታ ሰዎች እንሸሸግባቸዋለን ብለው የገቡባቸው አብያተ ክርስቲያናት የመታረጃ ስፍራ ሆኑ፤ በኛንጌ ቤተ ክርስቲያኑ በሰዎቹ ላይ በቡልዶዘር ሲናድ ካህኑ ተባባሪ ነበረና ለሩዋንዳ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ይህን መጻፍ ከባድ ነው፤ መዝለል ግን ይበልጥ ይከብዳል። በአጎራባቿ ቡሩንዲ ግን በሚያዝያ 1997 በቡታ ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ታጣቂዎች ገብተው ሁቱና ቱትሲ ተለያዩ ሲሏቸው ተማሪዎቹ እንቢ አሉ፤ አርባዎቹ አብረው ተገደሉ። እነዚህ ልጆች የአንድነትን ትምህርት ከማንኛውም ጉባኤ በላይ ጽፈውልናል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሁለቱም ግድግዳዎች ይታያሉ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ፤ በስደት ያሉት አባቶችም የራሳቸውን ሲኖዶስ አቋቋሙ፤ ሁለቱ ወገኖች ተወጋገዙ። በአሜሪካና በአውሮፓ የኖረ ምዕመን ይህን በየሰንበቱ ያውቀዋል፦ ቤተ ክርስቲያንህ የአገር ቤት ሲኖዶስ ነው፣ የስደተኛው ነው ወይስ ገለልተኛ? ተብሎ ተጠይቋል። ዶግማው፣ ዜማው፣ ጾሙ አንድ ነበር። ክርስትና ለማስነሣት፣ ሙሽሮችን ለማስቈረብ፣ ሙት ለመቅበር ግን ሰው መርጦ ይሄድ ነበር። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዕርቅ ሲወርድና አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ውግዘቱ ተነሥቶ እርሳቸውና አቡነ ጳውሎስን የተኩት አቡነ ማትያስ፣ ሁለት ፓትርያርኮች፣ በአንድ ሲኖዶስ ሆኑ። የተፈታው የሃያ ስድስት ዓመት ቋጠሮ ነበርና ሰው በአደባባይ አለቀሰ።

የቋንቋውና የብሔሩ ጥያቄ ግን ቀድሞም ነበረ። በባርነት ተሸጦ ነጻ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ማሳተሙ፣ ሰው በእናቱ ቋንቋ ወንጌልን ሲሰማ ወደ ማኅበሩ እንደሚቀርብ የሚመሰክር ሥራ ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶሱ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ፤ ምክንያታቸውም ሕዝቡ በቋንቋውና በራሱ አባቶች አልተገለገለም የሚል ነበር። አሿሿሙ ቀኖና የጣሰ ነበር፤ በዚህ የማወላውል አይደለሁም። ቅሬታው ግን ከአሿሿሙ ይለያል፤ የካቲት 8 ቀን የተደረሰው ስምምነትም በኦሮምኛ የሚሰጠው አገልግሎት እንዲጠናከር የወሰነው ለዚህ ነው። በሐምሌም ሲኖዶሱ ለኦሮሚያና ለደቡብ አህጉረ ስብከት ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመ። ብዙ ሰው በዚያ ሰሞን የጠየቀው የማን ሹመት ሕጋዊ ነው የሚለውን ብቻ ነበር፤ በገጠር ደብር ያለች አንዲት አሮጊት ንስሐዋን በየትኛው ቋንቋ ትናገራለች የሚለው ጥያቄ ግን ያነሰ አልነበረም።

በዚያው ሐምሌ የትግራይ ሊቃነ ጳጳሳት፣ በትግራዩ ጦርነት ዘመን ሲኖዶሱ ስለ ሕዝባቸው ዝም አለ ብለው አስቀድመው የተለዩት፣ በአክሱም የራሳቸውን ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ከዚያ በፊት በአቡነ ማትያስ የተመራ ልዑክ መቀሌ ሄዶ በሲኖዶሱ ስም ይቅርታ ጠይቆ ነበር፤ ይቅርታው ግን በትግራይ አባቶች ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። የ2010ሩ ዕርቅ ሁለት የአባቶች ወገኖችን ማስታረቅ ነበረበት። የአሁኑ ልጆቹን የቀበረ፣ መነኮሳቱ የተገደሉበት፣ ገዳማቱ የተመቱበት ሕዝብ ፊት መቆም ይጠይቃል። በዚያ ሕዝብ ፊት ቀኖናን ብቻ ይዞ መሄድ ይበቃል ብዬ አላምንም፤ ቀኖናን ጥሎ መሄድም ሌላ ልዩነት ይወልዳል። ሲኖዶሱ ስለ ጦርነቱ ዘመን ዝምታው የሚናገረው ቃል፣ የትግራይ አባቶችም ወደ አንድ መንበር ለመመለስ የሚጠይቁት ነገር፣ ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ገና አልተነገሩም።