አለቃችሁ ከእናንተ ምን ይጠብቃል? የፕሮፌሰር ዶቭ ኤደን ምርምር

ዛሬ የምናወራው በአለቃና በሠራተኛ፣ በመፋቄድና በወታደር መካከል ስላለ አንድ የማይታይ ነገር ነው። እሱም ግምት ነው። አለቃችሁ ገና በደንብ ሳያውቃችሁ ስለ እናንተ የያዘው ግምት ውጤታችሁን ሊለውጠው ይችላል?

ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ከመረመሩት ሰዎች አንዱ እዚሁ አገር የሠሩ ምሁር ናቸው፤ ፕሮፌሰር ዶቭ ኤደን። የድርጅት ሳይኮሎጂ ዶክትሬታቸውን አሜሪካ በሚገኘው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከያዙ በኋላ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የማኔጅመንት ፋኩልቲ አስተምረዋል። የድርጅት ሳይኮሎጂ ማለት በቀላሉ ሰው በሥራ ቦታ እንዴት እንደሚያስብ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚግባባ የሚያጠና ትምህርት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ነው። በ1968 ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንድ የታወቀ ጥናት አሳተሙ። ለመምህራን "እነዚህ ልጆች ዘንድሮ በትምህርት በጣም ያድጋሉ" ብለው ስም ዝርዝር ሰጡ። ልጆቹ ግን የተመረጡት በዕጣ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ፣ በተለይ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል፣ እነዚያ ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ እድገት አሳዩ። ይህ ነገር የፒግማሊዮን ውጤት ተባለ። ፒግማሊዮን በግሪኮች ተረት የቀረጸው ሐውልት ሕይወት የዘራለት ሰው ነው።

ፕሮፌሰር ኤደን ታዲያ እንዲህ ብለው ጠየቁ፦ ይህ በአዋቂዎችስ ላይ ይሠራል? በ1982 ከአብርሃም ሻኒ ጋር ያሳተሙት ሙከራ የተካሄደው በጻሃል ውስጥ፣ 105 ወታደሮች በሠለጠኑበት የ15 ሳምንት የውጊያ አዛዥነት ኮርስ ላይ ነው። ሠልጣኞቹ ከመምጣታቸው በፊት አሠልጣኞቹ ስለ እያንዳንዱ ተነገራቸው፦ ይሄኛው የአዛዥነት ችሎታው ከፍተኛ ነው፣ ይሄኛው መካከለኛ ነው፣ የዚህኛው ገና አልታወቀም። ይህም የተመደበው በዕጣ ነው። "ስምን መልአክ ያወጣዋል" ይባል የለ? እዚህ ግን ስሙን ያወጣው ዕጣ ነበር።

ውጤቱስ? "ከፍተኛ" የተባሉት በፈተና ከሌሎቹ በግልጽ በለጡ። ለኮርሱም የተሻለ ስሜት ነበራቸው፤ አሠልጣኞቻቸውንም ጥሩ መሪዎች ናቸው አሉ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሲጀመር በልጆቹ መካከል የችሎታ ልዩነት አልነበረም። የተለያየው በአሠልጣኙ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ግምት ታዲያ እንዴት ወደ ውጤት ይለወጣል? አስማት አይደለም። "ይሄ ልጅ ይችላል" ብሎ የሚያምን አለቃ ሳያውቀው ፊቱ ይፈታል፣ ጠለቅ አድርጎ ያስረዳል፣ ከባድ ሥራ ይሰጣል፣ ስትሳሳቱም ቁጭ ብሎ ያርማል። እናንተም ትበረታላችሁ፣ ትማራላችሁ፣ ውጤታችሁ ያምራል። አለቃውም "አላልኩም?" ይላል።

በተቃራኒውም ይሠራል። ዝቅተኛ ግምት ሰውን ሲያወርድ ተመራማሪዎቹ የጎሌም ውጤት ይሉታል፤ ቃሉን ከዕብራይስጥ ታውቁታላችሁ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልጆች ነገሩ እዚህ ላይ ይከብዳል። ዝቅተኛ ግምት ሁልጊዜ በስድብ አይመጣም። አንዳንዴ በርኅራኄ ተሸፍኖ ይመጣል፦ "እሱን አታስቸግሩት"፣ "ለእሷ ቀለል ያለውን ስጧት"። ደግነት ይመስላል፤ ግን ከባድ ሥራ ያልተሰጠው ሰው ችሎታውን በምን ያሳያል?

ደስ የሚለው ጎሌምን መግታት ይቻላል። ኤደንና ኦዝ በ1994 ባሳተሙት ጥናት ለአነስተኛ ቡድን አዛዦች "አንድ ወታደር በፈተና ዝቅ ያለ ነጥብ ማምጣቱ አይችልም ማለት አይደለም" ብለው ነገሯቸው። በእነዚህ አዛዦች ሥር የነበሩት ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸው ወታደሮች፣ አዛዦቻቸው ምንም ካልተነገራቸው የበለጠ ተሻሻሉ።

"አንዱን ከፍ ማድረግ ሌላውን ዝቅ ማድረግ አይሆንም ወይ?" ትሉ ይሆናል። ኤደን ይህንንም በ1990 በ29 የወታደር ማህላኮት ላይ ፈተኑት። ለአንዳንዶቹ አዛዦች "ያንተ ማህላካ በሙሉ ከአማካይ በላይ ነው" ተባለ፤ እነዚያም ማህላኮት በልጠው ተገኙ። ስለዚህ የሁሉም ግምት አንድ ላይ ከፍ ሊል ይችላል።

ሰው ስለ ራሱ ያለው እምነትም ኃይል አለው። ኤደንና ዙክ በ1995 ባሳተሙት ጥናት ለባሕር ኃይል ሠልጣኞች "እናንተን ባሕር ብዙም አያማችሁም፤ ቢያማችሁም ሥራችሁን አያበላሽም" ተባሉ። እነሱም ካልተነገራቸው ያነሰ ታመሙ፣ ሥራቸውንም የተሻለ ሠሩ።

ግን እንዳናጋንን። ኤደንና ባልደረቦቻቸው አለቆችን በአጭር ስልጠና "ፒግማሊዮን" ለማድረግ ሰባት የመስክ ሙከራዎች አድርገው በ2000 ውጤቱን ሲያሳትሙ፣ የተገኘው ለውጥ ደካማ መሆኑን በግልጽ ጽፈዋል። በመምህራን ላይ የተደረጉ ጥናቶችም፣ መምህሩ ተማሪውን ከሁለት ሳምንት በላይ ካወቀው ከውጭ የሚነገረው ግምት እምብዛም እንደማይሠራ ያሳያሉ። አንዴ የተያዘ ግምት ቶሎ አይለቅም ማለት ነው።

ከዚህ ምን እንይዛለን? አንደኛ፣ አዲስ ሥራ ወይም አዲስ ክፍል ስትገቡ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወሳኝ ናቸው፤ አለቃው ግምቱን የሚይዘው ያኔ ነው። ከበድ ያለ ሥራ ጠይቁ፤ "የጎደለኝን ንገረኝ" በሉ። ሁለተኛ፣ ማንም የማያርማችሁ ከሆነ ተመችቶኛል ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ባለፈው ጊዜ ያልተሳካላችሁ ሁሉ የእናንተ ጥፋት ብቻ አይደለም። በኤደን ሙከራ ውስጥ ቁልፉ የነበረው በአለቃው እጅ ነው። ኃላፊነቱም የእሱ ነው።

ነገ ደግሞ መፋቄድ፣ መምህር ወይም የክፍል ኃላፊ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። ያኔ ዝም ያለውን፣ ቋንቋው የሚደናቀፈውን፣ አዲስ የመጣውን ልጅ ስታዩ ግምታችሁን ፈትሹ። ከዚያ ከባዱን ሥራ ስጡት፣ አጠገቡም ቁሙ።

ለዛሬ በዚህ እናብቃ።