መድገምና ድግምት፤ በመጽሐፍ ቃል ፈተናን ስለ መቃወም

ክርስቲያን ፈተና ሲመጣበት በመጽሐፍ ቃል ሊመክት ይገባዋል የሚለው ትምህርት በሀገራችን ከሊቃውንት ጉባኤ አንሥቶ እስከ ገበሬው ቤት ድረስ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ የሚመክተው በምን አኳኋን ነው? በመታወቁ ነውን? በአፍ በመነገሩ ነውን? ወይስ ተጽፎ በአንገት በመታሰሩ? ይህ ጥያቄ ለነገረ መለኮት መምህራን ብቻ የሚተው አይደለም። የሕዝብን ልማድ የሚመረምር ሰው መልሱን አስቀድሞ ካላሰበበት፣ ጸሎትን አስማት፣ አስማትንም ጸሎት ብሎ መመዝገቡ አይቀርም። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ የመዝሙረ ዳዊትን ንባብ እንደ ምሳሌ ወስደን፣ በቃሉ መታመንና በቃሉ መጠቀም የሚለያዩበትን ድንበር ለማሳየት እንሞክራለን። የምናነሣቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

፩. ስለ ቃላቱ

«ፈተና» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ነገር አጣምሮ ይይዛል። አንደኛው ሰውን ወደ ክፉ የሚስብ ማባበል ነው፤ ሁለተኛው የሰውን ጽናት ገልጦ የሚያሳይ መመዘኛ ነው። ግእዙም እንዲሁ ነው። «አመከረ» ማለት ፈተነ ማለት ሲሆን፣ ከዚሁ ሥር የወጣው «መከራ» በአማርኛ የጭንቅና የሥቃይ ስም ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ በእኛ ሰው አነጋገር ፈተና የሥጋ ምኞት ብቻ አይደለም፤ በሽታም፣ ችጋርም፣ የልጅ ሞትም፣ የሌሊት ድንጋጤም ፈተና ነው። ዳዊት ደጋሚውም የሚደግመው በእነዚህ ሁሉ ላይ ነው። የኅሊናን ፈተና ከጋኔን ጥቃት ለይቶ በሁለት መዝገብ ለመጻፍ የሚሻ ተመራማሪ፣ ሕዝቡ ያልለየውን ነገር እርሱ መለየቱን ሊዘነጋ አይገባውም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው «ደገመ» የሚለው ግሥ ነው። የመጀመሪያ ትርጕሙ አንድን ነገር ሁለተኛ ማድረግ ነው። ስለ መዝሙረ ዳዊት ጸሎት ግን ዘወትር የሚነገረው «ዳዊት ደገመ» እየተባለ ነው፤ የሚደገመው መጽሐፍ ዛሬ የተነበበ ነገም የሚነበብ ነውና። ከዚሁ ግሥ ደግሞ «ድግምት» ይወጣል፤ ይህም ሰውን ለመጕዳት ወይም ለማሰር በስውር የሚነገር የአስማት ቃል ነው። ልዩነቱን የሚያመለክተው አንዳንድ ጊዜ ትንሽ ቅጥያ ብቻ ነው፤ «ደገመለት» ሲባል ጸለየለት፣ «ደገመበት» ሲባል ግን ጕዳት ላከበት ማለት ይሆናል። ቋንቋው ሁለቱን ሥራዎች የአንድ ግሥ ልጆች አድርጎ መያዙ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለንም። ሁለቱም የተወሰነ ቃል ሳይለወጥ ደጋግሞ መናገር ናቸውና፣ ከውጭ የሚያያቸው ሰው በቀላሉ አይለያቸውም።

፪. የገዳመ ቆሮንቶስ ክርክር

በመጽሐፍ ቃል ፈተናን ለመቃወም ዋናው አብነት በማቴዎስና በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 4 የተጻፈው ታሪክ ነው። ቦታውን የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ገዳመ ቆሮንቶስ ይለዋል፤ 55 ቀን የሚጾመውም ዐቢይ ጾም ይህንኑ የ40 ቀንና የ40 ሌሊት ጾም ያስባል። መምህራን ሦስቱን ፈተናዎች በስስት፣ በትዕቢትና በፍቅረ ነዋይ ሰይመው፣ ጌታ በትዕግሥት፣ በትሕትናና ገንዘብን በመናቅ ድል እንዳደረጋቸው ያስተምራሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፈተና በሁለቱ ወንጌላውያን ዘንድ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ መልሶቹ ግን አንድ ናቸው።

ሦስቱም መልሶች የተወሰዱት ከአንድ መጽሐፍ፣ ከኦሪት ዘዳግም ነው፤ አንዱ ከምዕራፍ 8፣ ሁለቱ ከምዕራፍ 6። መጽሐፉ በስሙ «ዳግም» ነው፤ እስራኤል 40 ዓመት በምድረ በዳ ከተፈተኑ በኋላ ሙሴ ሕጉን ደግሞ የነገረበት መጽሐፍ ነውና። ስለዚህ በምድረ በዳ የተፈተነው ጌታ የመለሰው፣ በምድረ በዳ ለተፈተነ ሕዝብ በተደገመ ቃል ነው።

ነገር ግን በዚህ ክርክር መጽሐፍን የጠቀሰው አንዱ ወገን ብቻ አይደለም። ፈታኙም ጠቅሷል። የጠቀሰውም በግእዙ ቍጥር መዝሙር 90 (በዕብራይስጡ 91) ሲሆን፣ ይህ መዝሙር ከጥንት ጀምሮ ከክፉ መናፍስት መጠበቂያ ሆኖ የታወቀ ነው። በ1956 ዓ. ም. በሙት ባሕር አጠገብ በ11ኛው የቁምራን ዋሻ ከተገኙት ብራናዎች አንዱ ይህንኑ መዝሙር ከአጋንንት ማባረሪያ መዝሙሮች ጋር አብሮ ይዟል። እንግዲህ ፈታኙ ከመዝሙራት ሁሉ መርጦ ያነሣው፣ ሰዎች እርሱን ለማባረር የሚደግሙትን ነበር ማለት ነው። ሲጠቅስም መላእክት ሰውን በመንገዱ ሁሉ እንደሚጠብቁ ከሚናገረው ላይ «መንገዱን» የሚያነሣውን ሐረግ ተወው፤ ቀጥሎ ያለውን፣ ጻድቅ እባብንና አንበሳን ስለ መርገጡ የሚናገረውንም አላነሣም።

ከዚህ የምንረዳው የመጽሐፍ ቃል መሆኑ ብቻ ንግግሩን ከክፉ እንደማያነጻው ነው። ታዲያ የሁለቱ አጠቃቀስ ልዩነት በምንድን ነው? በእኛ አስተያየት፣ ፈታኙ የጠቀሰው ተስፋ ነው፤ ያንንም ተስፋ ሰው እግዚአብሔርን የሚያስገድድበት መሣሪያ አድርጎ አቀረበው። ጌታ የጠቀሳቸው ሦስቱ ቃላት ግን ተናጋሪውን ራሱን ከትእዛዝ በታች የሚያደርጉ ናቸው፤ ሰው በምን እንደሚኖር፣ አምላኩን መፈታተን እንደማይገባው፣ ለማንም ሳይሆን ለእርሱ ብቻ መስገድ እንዳለበት ያስታውሳሉ። በአንደኛው አጠቃቀስ ሰው በቃሉ ያዝዛል፤ በሁለተኛው ቃሉ ሰውን ያዝዛል። የድግምትና የመድገም ድንበር በዚህ ላይ የተሰመረ ይመስለናል።

፫. የምድረ በዳ አበው

ይህን አብነት ሥርዐት ያለው ሥራ ያደረጉት የግብጽ ምድረ በዳ መነኮሳት ናቸው። በ399 ዓ. ም. ያረፈው ኤዋግሪዎስ ጰንጦሳዊ ክፉ አሳቦችን በስምንት ከፍሎ፣ እነርሱም ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ነዋይ፣ ኀዘን፣ ቍጣ፣ ታካችነት፣ ውዳሴ ከንቱና ትዕቢት ናቸው፣ ለእያንዳንዱ አሳብ መቃወሚያ የሚሆን ጥቅስ ከመጻሕፍት ሰብስቦ ስምንት ክፍል ያለው መጽሐፍ አዘጋጀ። ጥቅሶቹ ወደ 500 ይጠጋሉ። የግሪኩ ጠፍቶ መጽሐፉ በሱርስትና በአርመንኛ ተጠብቆ ቆይቷል። ኤዋግሪዎስ ለሥራው የሰጠው ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ቃላቱ በመጻሕፍት ውስጥ ተበትነው ስለሚገኙ፣ በውጊያ ሰዓት ፈጥኖ ማግኘት ያስቸግራል ይላል። ፈተና ጊዜ አይሰጥምና መልሱ አስቀድሞ በልብ መገኘት አለበት ማለት ነው። ታካችነትንም በመዝሙር 90 ከተጠቀሰው ከቀትር ጋኔን ጋር አንድ አድርጎታል፤ ፀሐይ መካከል ላይ ስትቆም መነኵሴው በዓቱን እንዲጠላ የሚያደርገው እርሱ ነው።

የኤዋግሪዎስ ትምህርት ወደ እኛ የመጣበት አንዱ መንገድ ሩቅ አይደለም። የ7ኛው መቶ ዓመት ጸሓፊ ማር ይስሐቅ ከእርሱ ብዙ ተምሯል፤ የማር ይስሐቅ መጽሐፍ ደግሞ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር በሀገራችን መጽሐፈ መነኮሳት ተብሎ በጉባኤ የሚተረጐም ነው።

ከምድረ በዳ አበው ንግግሮች መካከል ለጥያቄያችን ይበልጥ የሚቀርብ አንድ አለ። የቃሉን ኀይል ሳያውቅ ለሚያነበንብ ሰው የተሰጠ ማጽናኛ ነው፤ እባብ የሚያስማት ሰው የሚናገረውን ቃል ትርጕም ባያውቅም እባቡ ሰምቶ እንደሚታዘዝ፣ እንዲሁ እኛ ባናስተውለውም አጋንንት የመጽሐፍን ቃል ሰምተው ይሸሻሉ ይላል። ይህ አነጋገር ድንበሩን ያጠበበ ይመስላል። ነገር ግን አትናቴዎስ በጻፈው ገድለ እንጦንስ ውስጥ አጋንንቱ ራሳቸው መዝሙር እየዘመሩና የመጽሐፍ ቃል እየጠቀሱ መነኮሳትን እንደሚያስቱ ተነግሯል። ሁለቱን አብረን ስናነብ አበው ድምፁን አልናቁም፣ በድምፁ ብቻም አልታመኑም ማለት ይቻላል።

፬. ዳዊት በትምህርት ቤትና በቤት

በሀገራችን የቆሎ ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ከቈጠረ በኋላ በመልእክተ ዮሐንስና በወንጌለ ዮሐንስ አልፎ ወደ ዳዊት ይደርሳል፤ ዳዊት መድገም የቻለ ልጅ የንባብ ትምህርቱን እንደ ፈጸመ ይቈጠራል። ቀን በመጽሐፍ ከሚማረው ሌላ፣ ማታ በጨለማ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ የሚያጠናው የቃል ትምህርት አለ። የቃል ትምህርት የሚሰጠው መብራት በማይኖርበት ሰዓት መሆኑ ጥቂት ነገር አይደለም፤ ልጁ ዐይኑ በማያይበት ጊዜ የሚኖረውን ቃል ያከማቻልና።

150ው መዝሙራት በዐሥር በዐሥር ተከፍለው 15 «ንጉሥ» ይሆናሉ፤ እነዚህም ለሳምንቱ ዕለታት ይደለደላሉ። ደጋሚው በማለዳ እህል ሳይቀምስ ወደ ምሥራቅ ዞሮ የዕለቱን ድርሻ ያደርሳል። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደር ገብቶ ቤት ሲሆን በግድግዳ ይሰቀላል፤ በጕዞ ጊዜም በትከሻ ይንጠለጠላል። አትናቴዎስ ለመርቄሊኖስ በጻፈው መልእክት እንደ ገለጸው፣ ሌሎች መጻሕፍት የሌላውን ሰው ነገር ሲናገሩ፣ መዝሙር ግን ለሚጸልየው ሰው እንደ መስተዋት ሆኖ የራሱን ነፍስ ያሳየዋል። ደጋሚው የዳዊትን ቍጣ፣ ፍርሃትና ንስሓ «እኔ» እያለ ይናገረዋል። ይህ ልማድ ለዓመታት ሲጸና፣ ፈተናው በመጣ ሰዓት ቃሉ ሳይፈለግ ወደ አፉ ይመጣል። ብዙው ደጋሚ የግእዙን ሙሉ ትርጕም የማያውቅ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም የማያውቀው ሁሉንም አይደለም። ለልቡ የቀረቡ ጥቂት ቃላትን ያውቃል፤ የቀረውንም ከእርሱ በሚበልጥ ነገር ፊት እንደ ቆመ ሰው ያደርሰዋል።

፭. በአካል ላይ የሚታሰር ቃል

ጌታ ሁለት መልሶች ያወጣበት የዘዳግም ምዕራፍ 6 ቃሉ በልብ እንዲሆን፣ ለልጆች እንዲነገር፣ በቤትም በመንገድም እንዲታሰብ ያዝዛል፤ ወዲያው ቀጥሎም በእጅ ላይ እንዲታሰርና በዐይኖች መካከል እንዲሆን ይላል። አይሁድ ይህን በብራና ጽፈው በቆዳ ከረጢት አድርገው አስረውታል፤ በቁምራንም የዚህ ዐይነት ብራናዎች ተገኝተዋል። ስለዚህ በልብ የሚያዘው ቃልና በአካል የሚታሰረው ቃል በአንድ ምዕራፍ ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው።

በእኛም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። ከ1434 እስከ 1468 ዓ. ም. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በአስማተኞችና በጠንቋዮች ላይ እጅግ የጨከነ ንጉሥ ነበር፤ ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው ግን ይኸው ንጉሥ ክርስቲያኖች በግንባራቸው የሥላሴን ስም፣ በእጃቸውም ዲያብሎስን የሚክዱበትን ቃል እንዲያደርጉ አዝዞ ነበር። ቃሉ በጥምቀት ጊዜ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ከመካድ ሥርዐት የራቀ አይደለም፤ በአፍ የሚነገረው ክሕደተ ሰይጣን በቆዳ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ክታብም በዚሁ ድንበር ላይ ይቆማል። ብራናው አንዳንድ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ የክርስትና ስሙ በጸሎቱ መካከል ይገባል፤ የሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክ፣ መርበብተ ሰሎሞን፣ ስውር አስማትና ሥዕል ይጻፍበታል፤ የዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያም አብሮ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ጸሓፊው ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ደብተራ ነው። ስለዚህ ክታብ ከውጭ የገባ ባዕድ ነገር ነው የሚሉት ሊቃውንት ጸሓፊው ከየት እንደ ተማረ ይረሳሉ። በሌላ በኩል ዳዊትን በማኅደር ተሸካሚውንና ክታብን በአንገቱ አሳሪውን በአንድ ስም «አስማተኛ» የሚሉ ተመራማሪዎች ዋናውን ልዩነት ይስታሉ። ክታቡ ተጠቅልሎና ተሰፍቶ ስለሚታሰር ባለቤቱ አያነበውም፤ ከእርሱ የሚፈልገው መልበሱን ብቻ ነው። ዳዊቱ ግን በየማለዳው ከማኅደሩ ይወጣል፤ ባለቤቱን ከእንቅልፉ ያነሣዋል፣ ከእህል ያቈየዋል፣ ኀጢአቱን በገዛ አፉ ያናግረዋል። አንደኛው ይጠብቀኛል የተባለ ነገር ነው፤ ሁለተኛው የሚያሠራ ነገር ነው። እርግጥ ነው፣ ዳዊትም በግድግዳ ተሰቅሎ ሳይነበብ ከቀረ ከክታብ ሊለይ አይችልም፤ ክታብንም ንስሓ እየገባ የሚይዝ ሰው ይኖራል። ድንበሩ የሚያልፈው በዕቃው ላይ ሳይሆን በአጠቃቀሙ ላይ ነው።

፮. ማጠቃለያ

በ1513 ዓ. ም. በሮም የታተመው የግእዝ መዝሙረ ዳዊት በፊደላችን ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ነበር፤ በ1840 ዓ. ም. ደግሞ አባ አብርሃም (አቡ ሩሚ) የተረጐመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ ታተመ፤ በ1962 ዓ. ም. አዲሱ ትርጕም ተከተለ። በዚህም ሰው የሚደግመውን የሚያስተውልበት በር ተከፈተ፤ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። ከትርፉ ጋር ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። ዛሬ መዝሙሩ ሁሉ በእጅ ስልክ ውስጥ ተሸክመን የምንዞረው ሆኗል። ኤዋግሪዎስ ያስቸገረው የተበተነውን ቃል የማግኘት ችግር የተወገደ ይመስላል፤ ነገር ግን በፈተና ሰዓት ሰው የሚጠቀመው በኪሱ ያለውን ሳይሆን በአፉ የለመደውን ነው። የቃል ትምህርት ሲቀር የሚቀረው የጥንት ልማድ ብቻ ሳይሆን፣ መልሱን ከፈተናው አስቀድሞ የማዘጋጀት ሥርዐቱ ነው።

ስለዚህ ወደ ገጠር ወጥተው ይህን ልማድ ለሚመዘግቡ ተማሪዎች የምናቀርበው ምክር አጭር ነው። ምን እንደሚደገም ብቻ አትጻፉ፤ ደጋሚው ስንት ዓመት እንደ ደገመው፣ ከማን እንደ ተማረው፣ የትኛውን ቃል ትርጕም እንደሚያውቅ፣ ስለ ደገመውም ከምን ነገር እንደ ተከለከለ ጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ድግምት ሌላውን ሰው ያስራል፤ ዳዊት መድገም ግን አስቀድሞ የሚያስረው ደጋሚውን ነውና፣ ሁለቱን የሚለየው ማስረጃ የሚገኘው ከዚያ ነው።