ጠገራ ብር ሲታጠፍ አሞሌ ለምን ይሰበራል? ስለ ብረታ ብረት ጠባይ ለነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

በወሎ ገበያዎች ሁለት ገንዘቦች ለረጅም ዘመን ጎን ለጎን ሠርተዋል። አንደኛው ጠገራ ብር፥ ሁለተኛው ከአፋር ምድር በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣው አሞሌ ጨው ነበር። ጠገራው ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ይጮኻል እንጂ አይሰበርም፤ አንጥረኛም ቀጥቅጦ አምባር ወይም መስቀል ያደርገዋል። አሞሌው ግን ከጭነት ላይ ሲወድቅ ይሰነጠቃል፤ የተሰበረውም ዋጋው ስለሚቀንስ ኪሳራው በነጋዴው ላይ ይቀር ነበር። የዚህ ልዩነት ምክንያት በዓይን የማይታዩት አቶሞች እርስ በርስ በተሳሰሩበት መንገድ ላይ ነው።

በብረታ ብረት ውስጥ አቶሞቹ በረድፍ ተደርድረው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱም ከዳር ያሉትን ኤሌክትሮኖቹን ለጋራ ይሰጣል። ነገሩ እንደ ዕድር ገንዘብ ነው፤ የተዋጣው የአንድ አባል የግል ሀብት አይሆንም፥ ነገር ግን ሁሉን አስተሳስሮ ይይዛል። ስለዚህ በመዶሻ ሲመታ አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ ቢንሸራተት እንኳ የጋራው ማሰሪያ አብሮ ስለሚከተለው አይበጠስም። ብረት የሚታጠፈው፥ የሚሳበውና የሚዘረጋው በዚህ ምክንያት ነው።

የጨው ነገር ግን ሌላ ነው። በጨው ውስጥ አዎንታዊና አሉታዊ ቅንጣቶች እየተፈራረቁ ተቀምጠዋል። ተመትቶ አንዱ ረድፍ ጥቂት ፈቀቅ ሲል ተመሳሳዮቹ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ይገፋፋሉ፤ አሞሌውም ይሰነጠቃል።

ጠገራ ብር 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል። ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። የመዳብ አቶም ከብር አቶም ስለሚያንስ የረድፎቹን መንሸራተት ያሰናክላል፤ ስለዚህ ጠገራው ከንጹሕ ብር ይልቅ ይጠነክራል። በብረት ላይ ጥቂት ካርቦን ሲጨመር ጠንካራ አረብ ብረት የሚገኘውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። ደግሞም ብረት በአንድ ቦታ ደጋግሞ ሲታጠፍና ሲቃና ረድፎቹ እየተጠላለፉ ይደርቃል፥ በመጨረሻም ይሰበራል። ስለሆነም የተጣመመ የግንባታ ብረት አቃንቶ እንደ አዲስ መሸጥ ለገዢው ጉዳት ነው።

እነዚያው የጋራ ኤሌክትሮኖች በነፃ ስለሚዘዋወሩ ሙቀትንና ኤሌክትሪክን ያስተላልፋሉ። የብረት ድስት ቶሎ የሚግለው፥ የመዳብ ሽቦም መብራት የሚያደርሰው በእነርሱ ነው። ይሁን እንጂ ብረታ ብረት ሁሉ እኩል አያስተላልፍም፤ በእኩል ውፍረት የአሉሚኒየም ችሎታ ከመዳብ 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም «ንጹሕ መዳብ» ተብሎ ቢሸጥ፥ ብዙ ዕቃ ሲሰካበት ሽቦው ከመጠን በላይ ይግላል፤ የደንበኛውንም ቤት ለእሳት ሊዳርግ ይችላል።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴና ወደ ኩታበር ዕቃ የሚያወጣ ነጋዴ ይህን ለመለየት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልገውም። የሽቦውን ላስቲክ ገፍፎ በቢላዋ ይፋቀው፤ ውስጡ ከነጣ መዳብ አይደለም። ደግሞም ንጹሕ መዳብ በእኩል መጠን ከአሉሚኒየም ከ3 እጥፍ በላይ ይከብዳልና፥ ላስቲኩ የተገፈፈ እኩል ርዝመትና ውፍረት ያለውን ሽቦ ከታወቀው ጋር በሚዛን ያስተያየው። የቀድሞ ነጋዴ ጠገራውን ሳያስጮኽ አይቀበልም ነበር፤ የዛሬውም ሽቦውን ሳይፍቅ ባይረከብ ገንዘቡንም ስሙንም ይጠብቃል።