ከሳን ፔድሮ የሚነሳው መርከብ፦ የሚባለውና እውነታው

ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ኖርዝ ሆሊውድ ባሉ የሐበሻ ቤቶችም ሆነ ፌርፋክስ ላይ ባሉት ምግብ ቤቶች የክሩዝ ወሬ ተለምዷል። ልጅ ሲመረቅ፣ የጋብቻ በዓል ሲደርስ፣ እናትና አባት ከአዲስ አበባ ሲመጡ «መርከብ እንሳፈር» ይባላል። ዋጋው ያማልላል፣ ወደቡም ሩቅ አይደለም። ችግሩ ያለው አብሮ የሚዞረው ምክር ላይ ነው። አብዛኛው የክሩዝ ምክር የተዘጋጀው የአሜሪካ ፓስፖርት ለያዘ፣ ረቡዕና ዓርብን ለማይጾም ሰው ነው። ያንኑ ምክር እንዳለ የወሰደ ኢትዮጵያዊ ገንዘቡን፣ አንዳንዴም የመኖሪያ ፈቃድ ተስፋውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ከወረቀቱ እጀምራለሁ፤ ምግቡና ሆቴሉ ቢበላሹ የሚያልፉ ነገሮች ናቸው።

«ሦስት ቀን ነው፣ የካሊፎርኒያ መታወቂያ ይበቃል»

አይበቃም። ይህ ወሬ የመጣው ከአንድ እውነተኛ ደንብ ነው። መርከቡ ወደተነሳበት የአሜሪካ ወደብ ተመልሶ የሚገባ ከሆነ፣ አሜሪካዊ ዜጋ የልደት ሰርተፊኬትና ፎቶ ያለው መንግሥታዊ መታወቂያ ይዞ ሜክሲኮ ደርሶ መመለስ ይችላል። ደንቡ የሚሠራው ለዜጋ ብቻ ነው። ዜግነቱን እዚህ ያገኘ ሰው በልደት ሰርተፊኬቱ ፈንታ የዜግነት ሰርተፊኬቱን ይይዛል። ያም ሆኖ ፓስፖርት ያወጣ ሰው ይሻለዋል፤ የሜክሲኮ ወደብ በሆነችው ኤንሴናዳ ላይ መርከቡ ጥሎት ቢሄድ ወይም ታሞ ቢወርድ ያለ ፓስፖርት በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ መመለስ ችግር ነው።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ቀኑ ያላለፈ ካርዱን ይይዛል። ሜክሲኮ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ቪዛ አትጠይቅም፣ ይህ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤት ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ፓስፖርቱ ራሱ የሚሠራ መሆን አለበት። ከሲያትል ወደ አላስካ የሚሄዱት መርከቦች ብዙውን ጊዜ ካናዳ ውስጥ ቪክቶሪያ ላይ ይቆማሉ፤ ካናዳ ደግሞ ከሚያዝያ 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከግሪን ካርዱ ጋር ቀኑ ያላለፈ የአገር ፓስፖርት እንዲታይ ትጠይቃለች። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ማሳደስ ጊዜ ስለሚወስድ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ቀኑን ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የጥገኝነት ማመልከቻው ገና መልስ ያላገኘ ሰው ነው። አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ አስቀድሞ ሳያገኝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታል። የወጣው በአውሮፕላንም ይሁን በመርከብ፣ ለዓመትም ይሁን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ለውጥ የለውም።

«ሃዋይ አሜሪካ ነው፣ ለእሱ ወረቀት አያስፈልግም»

ይህ ከሁሉም አደገኛው ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ሃዋይ በእርግጥ አሜሪካ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ ሕግ የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ተሳፋሪን ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ ብቻ እንዳያመላልስ ይከለክላል። ትልልቆቹ የክሩዝ መርከቦች ደግሞ የተመዘገቡት ባሃማስን፣ ፓናማን ወይም ቤርሙዳን በመሰሉ አገሮች ነው። ስለዚህ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሃዋይ ደርሶ የሚመለስ መርከብ ሕጉን ለማሟላት በመንገዱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤንሴናዳ ጎራ ይላል። ለጥቂት ሰዓት ቢሆንም፣ ተሳፋሪው ባይወርድም እንኳ፣ ሜክሲኮ ሜክሲኮ ነው። ማመልከቻ ያለው ሰው «ሃዋይ ነው የምሄደው» ብሎ ሳያውቅ ድንበር ይሻገራል።

የባሕር ጉዞ ለናፈቀውና ወረቀቱ ላላለቀለት ሰው ሌላ መንገድ አለ። ከሳን ፔድሮና ከሎንግ ቢች ወደ ካታሊና ደሴት የሚመላለሱ ፈጣን ጀልባዎች አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዘው አቫሎን ያደርሳሉ። ካታሊና የሎስ አንጀለስ ካውንቲ አካል ነው፣ በመንገዱ ላይ የውጭ ወደብ የለም። ውኃው፣ ነፋሱ፣ ከጀልባዋ ጎን የሚዘሉት ዶልፊኖችም ያው ናቸው። ሃዋይን በመርከብ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ በአሜሪካ የተመዘገበችው ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ ከሆኖሉሉ ተነስታ ደሴቶቹን ብቻ ትዞራለች። ያም ሆኖ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ጉዳዩን የያዘውን ጠበቃ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«እማዬ ቪዛ አላት፣ አብራን ትሂድ»

ቪዛው ላይ ስንት ጊዜ መግባት እንደሚፈቀድ የተጻፈውን ያንብቡ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው የጎብኚ ቪዛ ለአንድ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ ሆኗል። እናትዎ ሎስ አንጀለስ ሲያርፉ ያ አንድ መግቢያ አልቋል። ሜክሲኮ ወይም ካናዳ ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ደርሶ ለሚመለስ፣ የቆይታ ፈቃዱ ላላለፈ ሰው የተደረገ ልዩ ደንብ አለ፤ ሆኖም በወደቡ ላይ ወረቀት የሚያየው የመርከቡ ሠራተኛ ካልተቀበለው እናት ሻንጣቸውን ይዘው ከመግቢያው ይመለሳሉ። ከክፍያው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቁ፣ የመርከብ ድርጅቱንም በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ ያድርጉ። መልሱ ካላስተማመነ እናትን ካታሊና ይውሰዷቸው።

«ወደቡ ሎስ አንጀለስ ነው፣ ጠዋት ተነስተን እንደርሳለን»

ወደቦቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ሳን ፔድሮ ያለው የሎስ አንጀለስ ወደብ ነው። ሌላው ሎንግ ቢች፣ ከአሮጌዋ ኩዊን ሜሪ መርከብ ጎን ያለው፣ የካርኒቫል መርከቦች የሚነሱበት ነው። በመካከላቸው ድልድይና የጭነት መኪና ሰልፍ አለ። ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን አድራሻ ሳያይ «ወደቡ» ብሎ የሚነዳ ሰው የተሳሳተው ወደብ ላይ ሻንጣ ይዞ ይቀራል።

ከኖርዝ ሆሊውድ ሳን ፔድሮ 35 ማይል ገደማ ነው። እሑድ ንጋት ቀላል ነው፣ ሰኞ ወይም ዓርብ ጠዋት በ101 እና በ110 ምን እንደሚመስል ግን ለሐበሻ ሾፌር አይነገርም። መኪና ላለመውሰድ የሚፈልግ ከኖርዝ ሆሊውድ ጣቢያ በቢ መስመር መሀል ከተማ ሰባተኛ መንገድ ይወርዳል። ለሎንግ ቢች እዚያው በኤ መስመር ባቡር ይቀጥላል፣ ለሳን ፔድሮ ደግሞ የጄ መስመር አውቶቡስ አለው። ርካሽ ነው፣ ግን ትልቅ ሻንጣና ትንሽ ልጅ ላለው ቤተሰብ አልመክረውም። በወደቡ መኪና ማቆም በቀን ስለሚከፈል ለአምስት ሌሊት ሲደመር ብዙ ጊዜ የወዳጅ ሹፌርነት ይረክሳል።

ከሌላ ግዛት ለሚመጡ ዘመዶች ሆቴል ሲያዝ «ኤርፖርቱ አጠገብ ከሆነ ወደቡም አጠገብ ነው» ይባላል። ከኤል ኤ ኤክስ ሳን ፔድሮ 20 ማይል ያህል ይቀራል። ማታ ገብቶ ጠዋት የሚሳፈር ሰው እዚያው ሳን ፔድሮ ወይም ሎንግ ቢች ቢያድር ይቀለዋል፤ ኩዊን ሜሪ ራሷም ሆቴል ናት። ቡርባንክ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፍ ዘመድ ግን ለኖርዝ ሆሊውድ ጎረቤት ስለሆነ የቤተሰብ ቤት አድሮ አብሮ ቢነሳ ይሻላል። በጉዞው ዕለት ጠዋት በአውሮፕላን መድረስን ግን ለማንም አልመክርም። መርከብ የዘገየ አውሮፕላን አይጠብቅም።

«መርከብ ላይ የጾም ምግብ የለም»

አለ፣ ግን በትክክለኛው ቃል መጠየቅ አለበት። «ቬጀቴሪያን» ያለ ሰው አይብ፣ እንቁላልና ቅቤ ይቀርብለታል። የኛ ጾም «ቪጋን» በሚለው ይገባቸዋል። ይህንን ቲኬት ሲቆረጥ ማስመዝገብ፣ ከዚያም በመጀመሪያው ማታ ለዋናው ምግብ አዳራሽ ኃላፊ በአካል መንገር ነው፤ ብዙ ጊዜ የነገውን ዝርዝር ዛሬ ማታ አምጥተው ያስመርጣሉ። በወጥ ቤቱ ሕንዳውያን አብሳዮች ስለሚበዙ ምስርና ሽምብራ በቅመም ይሠሩልን እንደሆነ መጠየቅ አያሳፍርም፤ ከእንጀራ በቀር ከቤታችን ወጥ እምብዛም የማይርቅ ነገር ያወጣሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ደግሞ ቡፌው ከምሳ ግርግር በኋላም በብዙ መርከቦች ላይ ምግብ ይኖረዋል። ጥንቃቄው ሾርባው ላይ ነው፤ የአትክልት መስሎ በዶሮ ወይም በበሬ አጥንት መረቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሐላል የሚፈልግም አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት፣ ሁሉም መርከብ አያዘጋጅም።

ኤንሴናዳ ወርደው የሚበሉ ጿሚዎች አንድ ነገር ይወቁ። ተፈጭቶ የሚቀርበው ቦሎቄ በተለምዶ የሚጠበሰው በአሳማ ስብ ነው፣ የስንዴው ቶርቲያም ብዙ ጊዜ እንዲሁ። «ሲን ማንቴካ» (ያለ አሳማ ስብ) ብሎ መጠየቅ ወይም የበቆሎውን ቶርቲያ መምረጥ ይቻላል።

«እንጀራ ቋጥረን፣ ጀበናም ይዘን እንገባለን» የሚለውም አይሠራም። ብዙዎቹ ድርጅቶች ቤት የተሠራ ምግብ አያስገቡም፣ በፋብሪካ የታሸገ ቆሎ ወይም ብስኩት ይፈቅዳሉ። ምድጃ፣ ከሰል፣ ሻማና እጣን በእሳት ምክንያት ክልክል ናቸው። ስለዚህ ቡናውን ከመሳፈር በፊት ይጠጡት። ፌርፋክስ ላይ በኦሎምፒክና በፒኮ መካከል ያለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2002 በከተማው «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ ተሰይሟል። ከኖርዝ ሆሊውድ ሎረል ካንየንን ተሻግሮ እዚያ ምሳ በልቶ ወደ ደቡብ መቀጠል ለወደቡም መንገድ ነው፣ ለእንግዳም ደስ ይላል።

«ከተከፈለ በኋላ ሁሉም ነፃ ነው»

ለስላሳ፣ አልኮል፣ ኢንተርኔትና ልዩ ምግብ ቤቶች በአብዛኛው ለብቻ ይከፈላሉ። የሠራተኞች ቲፕም በቀን በነፍስ ወከፍ በራሱ ይቆረጣል፤ 17 ዶላር ብንል ለአራት ሰው ቤተሰብ በአምስት ሌሊት 340 ዶላር ነው። ለሽማግሌዎች ደግሞ ሕክምናው ይታሰብ። ሜዲኬር በመርከብ ላይ የሚከፍለው መርከቡ በአሜሪካ ወደብ ሳለ ወይም ከወደቡ ከስድስት ሰዓት ሳይርቅ ለሚሰጥ ሕክምና ነው፣ ለዚያውም በሁኔታዎች። የጉዞ ኢንሹራንስ ዋጋው ከሐኪሙ አንድ ቢል ጋር አይወዳደርም።

በመጨረሻ ስለ ሰዓት። መርከቡ የሚሄደው በመርከቡ ሰዓት እንጂ በስልክዎ አይደለም፤ ፖርቶ ቫያርታ ላይ ስልኩ ወደ ሜክሲኮ ሰዓት ይቀየራል። ከአገር ቤት ለመጡ እናት ደግሞ «አራት ተኩል ላይ ተመለሱ» ሲባል የትኛው አራት ተኩል እንደሆነ ያስረዷቸው፤ በሐበሻ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ተኩል ነው። ከመርከቡ የራሱን አስጎብኚ የወሰደ ቡድን ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል ወይም ያደርሰዋል። በራሱ ታክሲ የሄደ ሰው ግን ወደሚቀጥለው ወደብ በራሱ ወጪ ይከተላል። ስለዚህ ሲወርዱ ፓስፖርትና ግሪን ካርዱን ኮፒ አድርገው ይያዙ፣ የመርከቡን ወኪል ስልክም ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ቁጥሩ በየቀኑ ካቢን በሚገባው ዕለታዊ ፕሮግራም ላይ ይገኛል።